ፒካፑ ዳገት ላይ ብቻ ይፈላል፤ ቴስታታው ይውረድ ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ። ሲንግል ጋቢና ነው፣ ሞተሩ ሦስት ኤል ናፍጣ። ከባሕር ዳር ወረታ እየተመላለስኩ ሽንኩርትና ሩዝ እጭናለሁ። ሜዳው ላይ ምንም አይልም። ጭነት ይዤ ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ግን ዓለም በርን አለፍ እንዳልኩ የሙቀቱ ጌጅ ቀዩን ይነካል። ቆሜ አበርደውና እቀጥላለሁ። በየጉዞው አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይጨርሳል፤ ሥሩ ሲንጠባጠብ ግን አላይም። አምና አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ትንሽ የተሻለው መሰለኝና ተመለሰበት። አሁን ሌላ መካኒክ ቴስታታው ይውረድ አለኝ። ላውርደው ወይስ ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ ገና አታውርደው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ራስ፣ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። ሊበላሽም ይችላል። ግን ቴስታታ ማውረድ የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ የሚታዩ፣ ብዙ ወጪ የሌላቸው ነገሮች አሉ። ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለውን ማሸጊያ) አስቀይሮ፣ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ፣ በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ የፈላበት ሰው ስንት ጊዜ መጥቶብኛል። ጓርኒሲዮኑን ያቃጠለው ሙቀት ነበር። ሙቀቱን ያመጣው ነገር ግን አልተነካም።

እኔ መኪና ሞቀ ተብሎ ሲመጣልኝ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። መቼ ነው የሚሞቀው? አንተ ይህን ሳልጠይቅህ ነግረኸኛል፤ ግማሹን ሥራ ጨርሰህልኛል።

ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ እየተጎተተ የሚሞቅ፣ አስፋልት ላይ ሲለቀቅ የሚበርድ መኪና ችግሩ ነፋስ ነው። ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) አይስብም፣ ቺንጋው (የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቷል፣ ወይም የቬንትሌተሩ መከለያ ተነቅሎ የሆነ ጋራዥ ጥግ ቀርቷል። ጠዋት ተነስቶ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሄድ ቱቦዎቹ እንደ ድንጋይ የሚጠነክሩበት ደግሞ የጭስ ግፊት ወደ ውሃው እየገባበት ነው። እሱ ነው የቴስታታ በሽታ። ያንተ ሜዳ ላይ ደህና ነው። ከባሕር ዳር በሐሙሲት አድርጎ እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሞተሩ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ አይጠቀምም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ላይ ከ1,800 ሜትር ተነስተህ ወደ 2,700 ትወጣለህ። ጭነት ይዘህ። እዚያ ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ሌላ ነው። ራዲያተሩ ግማሹ ቢደፈን ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ ያንተን መኪና በመጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃው በደንብ አይዞርም፣ ወይም ግፊቱን አይዝም ብዬ ነው።

ከግፊቱ ልጀምር፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። የራዲያተር ክዳን ዕቃ የሚከድን ተራ ክዳን አይደለም። ላዩን ጥረገውና እየው። 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለህ። ውሃው በዚያ ያህል ግፊት እስኪገፋው ድረስ ክዳኑ አይከፍትም ማለት ነው። ጥቅሙ ምንድን ነው? ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ጣና ዳር ከፍታችን ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ 91 ላይ። ባቄላ ቆላ ቶሎ በስሎ ደጋ ላይ የሚያስቸግረው በዚህ ነው። ደህና ክዳን ሲኖር ግን ባሕር ዳር ላይ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የናፍጣ ሞተር ጭነት ሲከብደው ውሃው 95 ወይም 100 ቢደርስ ጤነኛ ነው። ክዳኑ ከላላ ግን በዚያው ሙቀት ይፈላል። ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ውሃው ግን ፈልቶ በትርፍ ቱቦው ይወጣል። አንተ የምትጨምረው አንድ ሊትር ምናልባት በዚሁ የሚሄድ ነው። መንገድ ላይ በእንፋሎት ስለሚወጣ ቆመህ ስታይ ጠብታ አታገኝም።

ክዳኑን ገልብጠህ ጎማውን እየው። ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ጣለው። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርህ ሳባት፤ ተመልሳ መግጠም አለባት። ሞተሩ ሲበርድ ከትርፍ ጠርሙሱ ውሃ ስባ የምትመልሰው እሷ ናት። ስለ ጠርሙሱም ልናገር። የብዙ አሮጌ ፒካፖች ጠርሙስ ጠፍቶ ቱቦው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። እንዲያ ከሆነ የወጣው ውሃ አይመለስም፤ በምትኩ አየር ይገባል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ቢታሰርም ይሠራል። ቱቦው ግን እስከ ታች ወርዶ ውሃ ውስጥ መጥለቅ አለበት። አዲስ ክዳን ስትገዛ ቁጥሩ ያው መሆኑን፣ የአንገቱም ልክ መሆኑን አረጋግጥ። ገጠመ ማለት ያዘ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም እለምንሃለሁ። የሞቀ ራዲያተር አትክፈት። ጨርቅ ይዞም ቢሆን። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ የሚሠራ ረዳት ቸኩሎ ከፈተው። ውሃው ገና በግፊት ስለተያዘ አልፈላም ነበር፤ ክዳኑ ሲነሳ በአንዴ ፈልቶ ፊቱና ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን የሰማሁት ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። የላይኛውን ቱቦ በእጅህ ጨብጠህ ልል ሲሆን፣ ሳያቃጥል ሲቻልህ፣ ያኔ ክፈት።

አሁን ወደ ቴስታታው። ሳይፈታ የሚታይበት መንገድ አለ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ ክዳኑን ክፈትና ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙላው። ሞተሩን አስነሳ። ውሃው ውስጥ ተመልከት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ይወጣል፤ የተያዘ አየር ነውና አትደንግጥ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተህ ሰው ነዳጅ እንዲረግጥልህ አድርግ። አረፋው ሳያቋርጥ፣ እንደ ጀበና ሲንፈቀፈቅ፣ ገና ውሃው ለብ ሳይል ከመጣ ያ አየር አይደለም። ጭስ ነው። እንዳንተ ያለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ይጨምቃል፤ ጓርኒሲዮኑ በፀጉር ያህል ከተከፈተ ያ ግፊት ወደ ውሃው መንገድ ይገባል። የላስቲክ ጓንት በራዲያተሩ አፍ ላይ ብታስር ሲነፋ ታያለህ። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያም አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው ጭስ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ዘይቱንም እየው። መሙያው ክዳን ላይ እንደ ወተት የነጣ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ጠዋት ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት እየወጣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ እሱም ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ቴስታታ ይውረድ ያለህን መካኒክ በምን አወቅህ ብለህ ጠይቀው። መልስ ያለው መካኒክ አይቆጣም።

ወደ ቴርሞስታቱ እንምጣ፤ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው በር ነው። እኛ አገር የሞቀ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። «እዚህ ብርድ የለም፣ ምን ያደርጋል» ይባላል። ይህ ልማድ ስንት ሞተር እንደጨረሰ ሳስበው ያመኛል። ቴርሞስታት ለብርድ አገር ብቻ የተሠራ አይደለም። አሮጌውን ካገኘኸው ከስፕሪንጉ በታች ትንሽ ክብ ጠፍጣፋ ዲስክ እንዳለችው እይ። ብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ አለች። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛው በር ወደ ራዲያተር ይከፈታል፤ ይህች ዲስክ ደግሞ አቋራጩን መንገድ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከሞቀው ውሃ የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ እንዲያውም ከልክ በላይ ይበርዳል፤ ናፍጣ በደንብ አይቃጠልም፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይበላል። ዳገት ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዝ ይጎድለዋል። ያንተ መኪና «ትንሽ ተሻለውና ተመለሰበት» ያልከው ከዚህ ጋር ይሄዳል። መልሰህ አስገባለት።

አዲሱን ከማስገባትህ በፊት ድስት ውስጥ ቀቅለህ ሞክረው። ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ፤ እኔም ወጣት ሳለሁ ተሳስቼበት ደህና ዕቃ ጥያለሁ። ቴርሞስታቱ ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ይታተማል። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ድስትህ ከ94 አያልፍም። ስለዚህ የ88ቱ ድስት ውስጥ በከፊል ብቻ ቢከፈት አልተበላሸም። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ነው የሚጣለው። ሲገጠም ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይሁን። ትንሽ የአየር ቀዳዳ ያለው ከሆነ ቀዳዳው ወደ ላይ ይዙር።

አሁን ዋናው፣ ራዲያተሩ። እኔ ብወራረድ በሱ ላይ ነው የምወራረደው። ወረታ ነው የምትጭነው አይደል? የሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ስትቆም ገለባው በነፋስ እየመጣ የራዲያተሩ ክንፎች መሃል ይሰገሰጋል። በክረምት ጭቃ ይመጣና ይለስነዋል። ከፊት ስታየው ንጹሕ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ግድግዳ ነው። ማታ ከኋላ ባትሪ አብራበትና ከፊት ተመልከት። ብርሃኑ ካላለፈ ነፋስም አያልፍም። ላቫጆ ስትወስደው ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ከፊት አይምቱት። ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይነዱታል፣ ክንፎቹንም ያጥፏቸዋል። በቀላል ውሃ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ነው የሚታጠበው።

ይህ የውጪው ነው። የውስጡ ይብሳል። ሾፌሮች ከጉማራ ድልድይ ሥር በጄሪካን ቀድተው ራዲያተር ውስጥ ሲገለብጡ ስንቴ አይቻለሁ። በክረምት ጉማራም ርብም ግልገል ዓባይም ከደጋው አፈር ጠርገው ነው የሚመጡት፤ ጣናም ዳር ዳሩን የሚደፈርሰው በዚያ ነው። ያ ውሃ ራዲያተር ውስጥ ገብቶ ሲበርድ አፈሩ ይቀመጣል። አንዴ የአንድ ፒካፕ ራዲያተር አስፈትቼ የታችኛው ታንከር ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጭቃ በማንኪያ አውጥተናል። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ አፈር የለውም፤ ግን ጨው አለው። ጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቱቦዎቹ ውስጥም ይጋገራል።

እንዴት ታውቃለህ? መኪናውን ነድተህ ካሞቅከው በኋላ ሞተሩን አጥፋ፤ ቬንትሌተሩ መቆሙን አረጋግጥና የራዲያተሩን ፊት በመዳፍህ በጥንቃቄ ዳስሰው። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። መሃል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘህ እዚያ ውሃ አያልፍም፤ ተደፍኗል። የናስ ራዲያተር ከሆነ ራዲያተር ሠሪ የላይኛውን ታንከር አንስቶ በቀጭን ብረት እየወጋ ይከፍተዋል፤ መልሶ ይበይደዋል። ፕላስቲክ ታንከር ያለው አልሙኒየም ከሆነ ግን መቀየሩ ይሻላል። በመድኃኒት ማጠብ ገና ለጀመረው ይረዳል፤ ለተጋገረው አይሆንም።

የታችኛውንም ቱቦ አትርሳ። ሞተሩ ሞቆ ሰው ነዳጅ ሲረግጥ ቱቦው እየተጨማደደ የሚጠባ ከሆነ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ተበልቷል። ስትቆም ይመለሳል፣ ማንም አያየውም። ዳገት ላይ ግን ውሃውን ያንቃል።

የውሃ ፓምፑን ሥር በጣትህ ዳስስ። ትንሽ ቀዳዳ አለችው። እዚያ የደረቀ ውሃ አሻራ ካለ ኩሽኔታው (ፓምፑ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ሊበላሽ ነው። የቬንትሌተሩንም ክለች እይ፤ ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ቶሎ መቆም አለበት፤ እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ አይዝም። ጎማዎቹንም ከጉዞ በኋላ ዳስስ። ፍሬን የያዘ ጎማ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ዳገት ያስወጣዋል። ጥቁር ጭስ ካለ ኖዝሎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) እና የናፍጣ ፖምፓውን ታይሚንግ አስለካ።

ሲጠገን ውሃውን በኩላንት ሙላ፤ ግማሽ በግማሽ ከንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ጋር። ባሕር ዳር ውሃ በረዶ አይሆንም ብለህ አትተወው። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፤ የፓምፑን ክንፍ የሚበላው ዝገት ነው። የባትሪ ውሃ ብለህ ስትገዛ አሲድ እንዳይሰጡህ ተጠንቀቅ። ሲሞላም የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁመህ፣ ሂተሩን ከፍተህ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሳው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፤ እየጨመርክ አየሩን አስወጣ።

ስለ ጌጁም አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፣ ቴስታታ የሚያስጨርስ ስለሆነ። ውሃው ጭራሽ ካለቀ የጌጁ ሴንሰር አየር ላይ ይቀራል። ያኔ መርፌው ይወርዳል። ሾፌሩ በረደልኝ ብሎ ይነዳል። መርፌው ቀይ ደርሶ በድንገት ከወረደብህ ወዲያው አጥፋ። በተቃራኒው መብራት ስታበራ ብቻ የሚነሳ መርፌ ካየህ ሙቀት አይደለም፤ የምድር ሽቦው ላልቷል።

ዳገቱንም እንዴት እንደምትወጣው ላንሳ። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በ3ኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሾፌር ሞተሩን ያበስለዋል። በ2ኛ አድርገው። ሞተሩ ሲፈጥን ፓምፑም ቬንትሌተሩም ይፈጥናሉ፤ ጭነቱም ይቀልለታል። መርፌው መውጣት ሲጀምር፣ ቀይ ሳይደርስ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈት፤ ጋቢናው ቢያልብህም ሞተሩ ይድናል። ካልወረደ ጥግ ይዘህ ቁም። ውሃው ካልፈሰሰ ወዲያው አታጥፋው፣ ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ ትንሽ ረግጠህ አስሮጠው። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃ ካለቀ ግን አጥፋ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ፤ ቴስታታ የሚሰነጠቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

ምናልባት አረፋውን ታይና ቴስታታው መውረድ ግድ ይሆናል። ያኔ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ከመላጨቱ በፊት በግፊት ይፈተሽ። በቫልቮቹ መሃል የተሰነጠቀ ቴስታታ ተላጭቶ ቢመለስ ገንዘብህ ውሃ በላው። ስንት ሊላጭ እንደሚችልም ጠይቅ፤ የናፍጣ ቴስታታ ብዙ አይላጭም። አዲሱ ጓርኒሲዮን በውፍረት የተለያየ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ምልክት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ቦሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ ይጠበቁ። በክንድ ስሜት የሚያጠብቅ ሰው ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ለአንተ ግን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ነገ ጠዋት አረፋውን እይ፤ ገንዘብ አያስወጣም። ንጹሕ ከሆነ ክዳኑን ቀይር፣ ጠርሙሱንና ቱቦውን አስተካክል። ከዚያ ራዲያተሩን አስወርደህ ውስጡንም ውጪውንም አስጠርግ፣ በዚያው ቴርሞስታቱን መልስ። ለመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ ጭነት ብቻ ጫን፣ ሁለት ጄሪካን ንጹሕ ውሃ ያዝ፣ በጠዋቱ ብርድ ውጣ። ዓለም በር ላይ መርፌው የት እንዳለ፣ ደብረ ታቦር ስትገባ የት እንደደረሰ፣ ሲበርድም ምን ያህል ውሃ እንደጨመርክ በወረቀት ጻፍና ላክልኝ። በዚያ እንቀጥላለን።